የወፍ ፎቶ ቤት

በእውቀቱ ለወፍ እህል መበተኑ ሰፈሩን ማስቀየሙን የሰማው እሁድ ጠዋት፣ ማገዶ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ ነው። ቀኝ ዓይኑ ካሜራው ላይ ነበር። ግቢው ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ባቆመው ገበታ ጠርዝ ላይ አንዲት ድንቢጥ አርፋለች፤ ጉንጯ በርበሬ የመሰለ፣ ደረቷ ሰማያዊ፣ አንገቷን ወዲያና ወዲህ የምታዟዙር። በእውቀቱ ዕድሜውን ከሰው ጋር ያሳለፈበት የፎቶ ቤት ልማድ አልለቅህ ብሎት፣ "ቀና በይ እንጂ እመቤቴ፤ ትንሽ ወደ ግራ፤ እንደሱ፤ አትንቀሳቀሺ" ይላታል በሹክሹክታ። ይኼኔ ከጀርባው፣ ከአጥሩ ወዲያ ባለው መተላለፊያ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ሲያልፉ ድምፃቸው በቆርቆሮው ስንጥቅ ገባ።

"እኔ ምልሽ፣ ፎቶ አንሺው አሁንም ለወፍ ይበትናል?"

"ምን ይተዋል! ጤፍ ነው አሉ የሚበትነው።"

"ጤፍ?"

"ያውም ነጭ ጤፍ። ሰዉ ለእርዳታ ስንዴ ሰልፍ ሲውል እሱ ለወፍ ማኛ ይረጫል። ዛሬ ከምሳ በኋላ ሽማግሎቹ ሊመጡበት ነው። ለሚስቱ ለዘመናይ ዓርብ ነግረዋታል፤ እሷም ይምጡ ብላለች።"

ድንቢጧ መቼ እንደበረረች አላየም። ጤፍ መባሉ ብዙም አላናደደውም። ጤፍ በዚህ ዘመን እንኳን ለወፍ፣ ለእንግዳም ታስቦበት ነው የሚቀርብ። እሱ የሚበትነው የሰላሕን ሱቅ ጥራጊ ነው፤ ከጆንያ ቀዳዳ የፈሰሰ ማሽላ፣ ነቀዝ የጀመረው ገብስ፣ ከአቧራና ከሲባጎ ቁራጭ ጋር አብሮ የተጠረገ። ወሬ ግን እግር ካወጣች ጥራጊ ላይ አታርፍም፤ ማኛ ላይ ካልወጣች ወሬ መሆኗም አይታወቅ። ያስደነገጠው ሌላው ነው። ዘመናይ ታውቃለች። ዓርብ ሰምታ፣ ቅዳሜን አብራው ውላ፣ ከአንድ ገበታ በልታ፣ አንድ አልጋ ላይ አድራ፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ባሏን ሊገሥጹ ሽማግሌዎች ሲነሡ "ይምጡ" ያለች ሚስት ልቧ ወዴት እንዳለ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። የካሜራውን ክዳን ገጥሞ ከበርጩማው ተነሣ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ለዘመናይም ምክንያት አልጠፋላትም። ይኼ የወፍ ገበታ የተባለው ነገር የቤቱ ዲሽ ነው። በጦርነቱ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሲከርም ዝም አለ፤ መብራት ሲመለስ ደግሞ ሪሲቨሩ ተቃጠለ፤ ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሰማይ ሰማይ ከማየት በቀር ሥራ አልነበረውም። በእውቀቱ ክረምት ሊገባ ሲል ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፈታውና፣ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ግንድ ላይ ቸነከረው። እዚያ ላይ ቢያቆም ምንም አልነበረ። የፎቶ ቤቱን መጋረጃ አምጥቶ ከዲሹ ጀርባ አጥሩ ላይ ዘረጋው። ይኼ መጋረጃ ሰቆጣ ውስጥ የማያውቀው የለም። ሐይቅ አለበት፤ ወዴት እንደሚያሻግር የማይታወቅ ድልድይ አለበት፤ ሠዓሊውም በእውቀቱም በዓይናቸው ያላዩት አንገተ ረጅም ነጭ ወፍ አለበት። ያገባው፣ የተመረቀው፣ ዐረብ አገር የሚሄደው፣ ክርስትና ያስነሣው ሁሉ እሱ ፊት ቆሟል። ሰዉ በየኪሱ ስልክ ይዞ ራሱን ማንሣት ሲጀምር፣ መታወቂያ የሚሰጠውም ቢሮ በራሱ ካሜራ ማንሣት ሲጀምር፣ ፎቶ ቤቱ ተዘጋ፤ መጋረጃው ተጠቅልሎ ከአልጋ ሥር ገባ። አሁን ዋኔና ርግብ፣ ቁራና ድንቢጥ እሱ ፊት ይቆማሉ። ዘመናይ መጋረጃው ሲዘረጋ ከማድ ቤት በር ላይ ቆማ አየችና፣ "ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" ብላ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስለ ወፎቹ ክፉም ደግም ተናግራ አታውቅም። ተረቷ ግን በእውቀቱ ጆሮ ውስጥ ቀርታለች።

ቁርስ ላይ ፊቷን ሲያጠና ቆየ። እሷ በልማዷ ፍትፍቱን ወደሱ ገፋ አደረገች፤ ሻዩን ቀዳች፤ ስኳሩን ጨመረች፤ አማሰለችለት እንኳ። ቤቱ በርበሬ በርበሬ ይላል። የዘመናይ ሙያ ባልትና ነው፤ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ በላስቲክ እየቋጠረች ለሰፈሩ ትሸጣለች፤ ፎቶ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ቤቱ የሚያድረው በሷ ክንድ ነው። ደንበኞቿ ደግሞ እነዚያው በአጥር ጀርባ ሲያልፉ የሰማቸው ሴቶች ናቸው። ያውም ፀሐይ ላይ ያሰጣችውን ክክ ዋኔዎቹ ከዲሹ እየወረዱ ይቀምሱባታል፤ "እሽ!" ትላለች እንጂ ለበእውቀቱ አቤቱታ አቅርባ አታውቅም። ይኼን ሁሉ ሲያስብ ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረው። ልጠይቃት ወይስ ዝም ልበላት እያለ ሻዩ በረደ።

"ዛሬ ነፋስ አለ" አለ በመጨረሻ።

"የጥቅምት ነፋስ ነው። ጋቢህን ደርብ" አለች።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሽማግሌ ይመጣል የለ፣ ሰው እንዲህ አለህ የለ። ትሪውን አንሥታ ወጣች። ባለትዳሮች ሲቆዩ በዝምታም ይነጋገራሉ ይባላል፤ የዛሬውን ዝምታዋን ግን በእውቀቱ ሊያነበው አልቻለም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረች። ልጃቸው ትግስት ከዱባይ መልእክት ልካለች፦ "አባዬ የዛሬዋ ወፍ የታለች?" በየቀኑ አንዲት ወፍ ይልክላታል፤ ሥራ ላይ ሆና እንኳ አይታ ሳቅ ትልክለታለች። የትናንትናዋን ዋኔ በሌላ ማዕዘን ያነሣበትን መርጦ ላከላት። ልጅን መዋሸት ባይሆንም ያስተዛዝባል።

ጋቢውን ደርቦ ሰላሕ ሱቅ ወረደ። ገበያው እሁድ ስለሆነ ቀዝቀዝ ብሏል፤ ሰላሕ ግን ሱቁን ከፍቶ፣ ከአበርገሌ የመጣ የማሽላ ጆንያ ግድግዳ ላይ እያስደገፈ ነበር። የእህል ነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቱ ዓብዱረሕማንም በዚሁ ሱቅ፣ በዚሁ ሚዛን ሸጠው አልፈዋል። ሰላምታው እንደ ሁልጊዜው ረጅም ነበር፤ ቤቱ፣ ጤናው፣ ልጅቱ፣ ዝናቡ፣ ሰብሉ። ጤፉ ዛሬም ጨመረ፣ ማሽላው ግን ደኅና ነው ተባለ። ሁለቱም የሚያወሩትን ነገር ለመሸሽ እንደሚያወሩ ያውቃሉ። ኋላ ሰላሕ እጁን ከአቧራ አራገፈና ሚዛኑ ላይ ተደገፈ።

"ሰምተሃል መሰለኝ" አለ።

"ጠዋት ነው የሰማሁ። በአጥር።"

"እኔም የእድሩ አባል ነኝ፤ መምጣቴ አይቀርም። ጥራጊው ከኔ መሆኑን እናገራለሁ። ወላሂ እናገራለሁ። ግን ወንድሜ፣ ነገሩ ጥራጊ ብቻ አይደለም። ገበሬው ቅጣው ማሽላው ሊደርስ ነው፤ ከከተማው በታች ነው እርሻው። የግሪሳ ወፍ ትለምድብኛለች ብሎ ነው የሚቃጠለው። ለጊዜው ተዋትና ይብረድላቸው።"

ሰላሕ ክፉ አላለውም፤ እንዲያውም ከአባቱ የወረሰው ደንብ ነው፣ ወፍ የቀመሰችው ሰደቃ ነው ብሎ ጥራጊውን ያለ ምንም ክፍያ የሚሰጠው። ግን "ለጊዜው ተዋት" የምትለዋን ቃል በእውቀቱ ያውቃታል። ፎቶ ቤቱንም "ለጊዜው" ነው የዘጋው። ቁልፉን ሲቆልፍ ለጊዜው ነው ብሎ፣ ቤት ገብቶ ለጊዜው ጋደም ልበል ብሎ፣ ከዚያ ቀኑ ከሌሊቱ ተደባልቆበት ከረመ። ያን ጊዜ እንዴት እንዳለፈ ዛሬም በወጉ አያስታውሰውም፤ የሚያስታውሰው ግድግዳውን ነው፤ ጭቃው የተሰነጠቀበትን፣ ስንጥቁ ወንዝ ይመስል የነበረውን። አሁን ወፎቹን ቢተው ያ ግድግዳ ወዴትም አልሄደም፤ እዚያው ነው። ይኼ ነው የሚያስፈራው። ይኼን ደግሞ ለሰላሕም ለማንም መናገር ያሳፍራል። ትልቅ ሰው፣ የልጅ አባት፣ ድንቢጥ ካላየሁ እወድቃለሁ ይላል?

ምሳውን ቀማምሶ ተወው። ዘመናይ ግን ከዚህ ሁሉ ነገር በላይ እንደሆነች ሁሉ ቤቱን ጠረገች፤ አግዳሚውን አውጥታ ወይራው ጥላ ሥር አኖረች፤ ላዩ ላይ አጎዛ አነጠፈች፤ ጠላውን አጠለለች። ለከሳሾቹ ይኼን ያህል ሽር ጉድ! በእውቀቱ በመስኮት እያየ ይብሰለሰላል። ደግሞም እንግዶቹ ሲገቡ ያለ ማስጠንቀቂያ የተደረሰበት ሰው መስሎ መገኘት አለበት፤ ካወቀ አጥር ለአጥር ሰምቶ ነው ሊባል ነው። ስለዚህ ሽማግሎቹ "ቤቶች!" ብለው ሲጣሩ፣ ሌንስ ሲወለውል የነበረ ሰው መስሎ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። ትወናው ለራሱም አላማረውም።

አያ ገብረ ኪዳን የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ከፃግብጂ በልጅነታቸው የመጡ፣ አፋቸውን የፈቱት በኽምጣኛ ስለሆነ አማርኛውን ቃል በቃል እየመረጡ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ። ከጎናቸው ቅጣው ተቀመጠ፤ ገና ሳይናገር ፊቱ ከዲሹ ጋር ተጣልቷል። ሰላሕ ጫፍ ላይ ነው። ዘመናይ ጠላ ቀዳች፤ ለሰላሕ ሻይ አመጣችለት። ስለ ጥቅምት ብርድ ተወራ። በጥቅምት አንድ አጥንት ነው ሲሉ አያ ገብረ ኪዳን ሁሉም ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ አለቀና ነገሩ መጣ።

"እንግዲህ ልጄ በእውቀቱ፣ ልንከስህ አልመጣን" አሉ። "ሰው ያወራል። ሰው ሲያወራ ደግሞ ቤትህ ያንሳል፤ የሚስትህም ንግድ ያንሳል። በዚህ ጊዜ እህል ሲበተን ማየት ዓይን ያማል።"

"ጥራጊ ነው፣ አያ።"

"እውነቱን ነው" አለ ሰላሕ፤ ቃሉን ጠብቋል። "ከኔ መጋዘን የሚጠረግ ነው። እኔ ነኝ የምሰጠው። ጤፍ የሚሉት ውሸት ነው።"

አያ ገብረ ኪዳን ጢማቸውን ዳሰሱ። "ይሁን። ጤፉን ወዲያ አልነው። ግን ሰው ስትበትን ያያል እንጂ ከየት እንዳመጣኸው አያይም። ይኸ አንድ። ሁለተኛው የቅጣው ነው፤ ራሱ ይናገር።"

ቅጣው ሲጠብቅ ኖሮ ፈነዳ። ማሽላው ዘለላው ከብዶ ሊደርስ ነው፤ ልጆቹ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ይውላሉ፤ እዚህ ላይ ደግሞ አንዱ ተነሥቶ ድግስ አለ ብሎ ወፍ ይጠራል። "ግሪሳ ዘመዷን ትጠራለች" አለ። "ዛሬ አንዷ ካንተ ዲሽ ከቀመሰች ነገ ደመና ሆና ነው የምትመጣው። የኔ ማሽላ ደግሞ መንገዷ ላይ ነው።"

እዚህ ላይ በእውቀቱ ሊያሸንፍ ነው ብሎ አሰበ። ለዚህ መልስ አለው። ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ የኋላ መስታወቷን አበራና ለቅጣው ሰጠው። "ይኸው ደንበኞቼን በሙሉ እይ። ክረምቱን ሙሉ የመጣው ሁሉ አለ። ግሪሳ ካገኘህ ዲሹን አሁን እነቅለዋለሁ።" የቁልፏን አጠቃቀም አሳየውና ቅጣው ተቀበለ። ፖሊስ ጣቢያ ሌባ እንዲለይ የተጠራ ሰው መስሎ፣ ዓይኑን አጨንቁሮ፣ አንድ አንዷን አሳለፈ። ዋኔ። ርግብ። ቁራ፤ "ይኸ ሥጋ ይወዳል፤ እህል ላይ የለበትም" ብሎ አሰናበተው። ጭራዋ ረጅም፣ አናቷ ላይ ጉትዬ ያላት አመድማ ወፍ፤ "ይቺ የጓሮ ናት፤ ቅጠል ነው የምትጨርስ፤ ለሴቶቹ ተውኳት።" ድንቢጧ ስትመጣ ፈገግ ሊል ሆነና ተወው። አያ ገብረ ኪዳን በትከሻው በኩል አንገታቸውን አስግገው እያዩ፣ "ወይ ጉድ፣ ሁሉም በዚያው በመጋረጃው ነው፤ እኔም ልጄን የዳርኩ ጊዜ እዚሁ ቆሜያለሁ" አሉ። ነገሩ መላላት ጀምሮ ነበር። ድንገት ቅጣው አውራ ጣቱን አነሣ።

"ይኸ!"

"ምኑ?"

"ይኸ ነው! ይኸን ፊት አውቀዋለሁ! ከማማ ላይ ሆኜ ስንቴ በወንጭፍ ስቼዋለሁ!"

ሁሉም ተጠጉ። መስታወቷ ላይ አንድ ትንሽ ወፍ፣ አፉ ደም የመሰለ ቀይ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ከቀለም ሐይቁ ፊት ሙሽራ መስሎ ቆሟል። ብርሃኑ ከጎን መጥቶ አፉን አብርቶታል፤ አንዲት ላባ እንኳ አልደበዘዘችም። ግሪሳ ነው፤ ከነማዕረጉ ግሪሳ ነው። ሰላሕ አፉን በእጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አያ ገብረ ኪዳንም ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። በእውቀቱ ብቻ አልሳቀም። ይኼን ወፍ ያነሣበትን ጠዋት ያስታውሳል፤ ካነሣቸው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ይኼን ነበር፤ የት አገር ቢወሰድ የማያሳፍር ፎቶ ነው ብሎ ለትግስት ሁለቴ ልኮላታል። ማን መሆኑን ግን ጠይቆት አያውቅም። ፎቶ አንሺ ደንበኛውን ሥራህ ምንድነው ብሎ አይጠይቅም፤ ቀና በል ነው የሚል። አሁን ልማዱ ጉድ ሠራው። የዓለም ተከሳሽ ማስረጃ ይደብቃል፤ እሱ በገዛ እጁ፣ አብርቶ፣ ቁልፉን አሳይቶ ሰጠ።

ሳቁ ሲበርድ አያ ገብረ ኪዳን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም፤ ይኼ ነው ነገሩን የሚያከብደው። "እንግዲህ ልጄ፣ አፍህ የተናገረውን ታውቃለህ" አሉ። በእውቀቱ ዲሹን አየ፣ መሬት አየ። ፎቶ ቤቱን የቆለፈ ዕለት እጁ ላይ የተሰማው ቅዝቃዜ ተመልሶ መጣ። ተውኩት ሊል አፉን ከፈተ።

"አይተወውም።"

ዘመናይ ናት። የጠላውን ማንቆርቆሪያ በሁለት እጇ ይዛ ከወንዶቹ ኋላ ቆማለች። ሽማግሌ ፊት ነገር መካከል ገብታ የማታውቅ ሴት ናት። ድምጿ ቀጥ ብሎ መውጣቱ ራሷንም ሳያስገርማት አልቀረም።

"ስለት አለብኝ" አለች። "የኔ ስለት ነው። እሱ የሚያደርገው በኔ ቃል ነው።"

አያ ገብረ ኪዳን ቆባቸውን ከራሳቸው አነሡ። የእድር ዳኛ ብዙ ነገር መከልከል ይችላል፤ ሰው ለቅዱስ የገባውን ቃል ግን አይነካም፤ ነክቶ ደግሞ በሰላም ቤቱ አይገባም። "ለማን ነው ልጄ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ለአቦ።"

አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በድርቅ ጊዜ ውኃ የጠማትን ወፍ በዓይናቸው እንባ ማጠጣታቸውን የማያውቅ ክርስቲያን የለም፤ ጎረቤት ሆኖ የኖረ ሰላሕም ያውቀዋል። ለአቦ ተስሎ ወፍ ማብላት ከማንኛውም ስለት ይልቅ ደንቡ ነው። ቅጣው እንኳ ካሜራውን በአክብሮት ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አያ ገብረ ኪዳን ሊመርቁ እጃቸውን አነሡና፣ ስለት ሲመረቅ እንደሚደረገው ሁሉ ጠየቁ፦

"እሰይ። ምን ቢያደርጉልሽ ብለሽ ነበር የተሳልሽ?"

ይኼን ጥያቄ አላሰበችበትም። በእውቀቱ ፊቷን አይቶ አወቀ። ማንቆርቆሪያውን አየች፤ ከአፉ ጠብታ እየወረደ እግሯን ያረጥባት ነበር። ስትናገር ለሽማግሎቹ ሳይሆን ለማንቆርቆሪያው የምትነግረው ይመስል ነበር።

"ይኼ ሰው ፎቶ ቤቱን ከዘጋ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው ይውል የነበረ። እንጀራ ሳቀርብለት አስቀምጪው ይላል። ልጁ ስትደውል ተኝቷል በያት ይላል። እኔ እዚያ ማዶ በርበሬዬን ስወቅጥ፣ ሲያስነጥሰው እንኳ ደስ ይለኝ ነበር፤ አለ ማለት ነው ብዬ። ከዚህ አልጋ ይነሣልኝ እንጂ የፈለገውን ይሥራ አልኩ። አንድ ቀን ከወፍጮ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። ደንግጬ ብፈልገው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ይፈታል። እንግዲህ ተነሥቷል። ይነቀል ካላችሁ እኔን ጠይቁኝ።"

በእውቀቱ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። አፈረ፤ ግን እፍረቱ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር፤ ሲያስነጥስ የምታዳምጠው ሰው እንደነበረች መስማት ደረቱን አሞቀው፤ ዓይኑም እንባ ሞላ። ሰላሕ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረለት፤ ወንድ ለወንድ እንደሚያደርገው። አያ ገብረ ኪዳን ሳይቸኩሉ መረቁ፤ ቤቱን፣ ልጅቱን፣ የተነሣውን ሰው፣ ያስነሡትን ጻድቅ። አሜን ተባለ፤ ቅጣውም አሜን አለ። ከምርቃቱ በኋላ ደግሞ ሽማግሌው ፍርዱን አላለፉትም፤ ማሽላውም የሰው ጉሮሮ ነው። አቦ ለወፏ ያጠጧት ውኃ ነው፤ ስለዚህ የቅጣው ማሽላ ታጭዶ እስኪገባ ዲሹ ላይ ውኃ ይሁን፤ አዝመራው ሲሰበሰብ እህሉ ይቀጥል፤ እስከዚያ ሰላሕ ጥራጊውን ያጠራቅም። የሚያወራ ካለም ስለት ነው በሉት አሉ። ቅጣው ተስማማ፤ እንዲያውም ከአውድማው ጥራጊ የሱንም ድርሻ ለስለቱ እንደሚልክ ቃል ገባ። ሊወጡ ሲሉ ግን ወደ በእውቀቱ ጠጋ ብሎ ካሜራውን እየመለሰ፣ "ያን ሌባ በትልቁ አሳትምልኝ፤ እከፍላለሁ" አለ። "ማማው ላይ እለጥፈዋለሁ። ልጆቹ ፊቱን ይወቁት።" በእውቀቱ በትልቁ ሲባል ምን ያህል እንደሚሆን፣ በፍሬም ይሁን ያለ ፍሬም ጠየቀው። ሲጠይቅ የድሮ የፎቶ ቤት ድምፁ ተመልሶ የመጣ መሰለው።

እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ዘመናይ ኩባያዎቹን ሰበሰበች። በእውቀቱ አግዳሚውን በአንድ ጫፍ አነሣ፤ እሷ በሌላው ጫፍ ያዘች፤ ወደ ቤት አስገቡት። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ዝቅ ብላ ግቢው ወርቅማ ሆኗል፤ ለፎቶ የሚሆን ብርሃን ነበር፤ እሱ ግን ካሜራውን ረስቶታል።

"ካርብ ጀምሮ ታውቂ ነበር" አለ።

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ገና ሳይመጡ ትተወው ነበር። አላውቅህም እንዴ?" አጎዛውን አራገፈች። "ስለ ወፎችህም ዝም ያልኩት ለዚሁ ነው። ዶሮ ስትታቀፍ አጠገቧ አይንኮሻኮሽም። አንዲት ነገር ካልኩ ተመልሶ ይተኛብኛል ብዬ ፈራሁ።"

በእውቀቱ ሳቀ፤ ለካ ሲታቀፍ ነው የከረመው። እሷም ሳቀች፤ አብረው ከሳቁ ቆይተው ነበርና ሳቃቸው መጀመሪያ ትንሽ ተንቀራፈፈ። ከዚያ በጀሪካን ያለውን ውኃ ወደ ጆግ ገለበጠችና ወደ ዲሹ ሄደች። ቀሪውን ጥራጊ በእጇ ጠርጋ አወጣች፤ ውኃውን ጠብ ጠብ እያደረገች ሞላችው። እሱ ከኋላዋ ተከተላት። አንድ ነገር ውስጡን እየበላው ነበር፤ ጻድቅ ስም ተጠርቶበታልና ሳይጠይቅ ማደር አልቻለም።

"ዘመናይ፣ እውነት ተስለሽ ነበር?"

ጆጉን አንጠፈጠፈች።

"አልተሳልኩም" አለች።

"በአቦ ስም?"

"አልተሳልኩም አልኩህ። መሳሉም ትዝ አላለኝ፤ ስፈራ ብቻ ነው የከረምኩት።" ከዲሹ ራቅ ብላ፣ ወፎቹ እንዳይሸሹ እሱንም በጋቢው ጫፍ እየጎተተች ወደ ማገዶ ቤቱ ወሰደችው። "አቦ ሳልሳል ነው የሰጡኝ። ታዲያ ሳይለመኑ ለሰጡ አይከፈልም ያለህ ማነው?"

በርጩማው አንድ ብቻ ስለነበረ ለእሷ ለቀቀላትና እሱ ፍልጡ ላይ ተቀመጠ።